ሥራ ያጣ መንቁር

እናቴ የሰፋችው መሶብ ከአዲስ አበባ ሜሪላንድ የገባው ሻንጣ ውስጥ ተከትቶ አይደለም፤ ታቅፌው ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው ሳሎናችን በክብር ተቀምጦ ኖረ። ልጆች ሲድሁ ይዘውት ቢቆሙም አልተላጠም፤ የበዓል እንግዳ ቢተራመስበትም አልተፈታም። በአሥረኛው ዓመት አንድ ግራጫ በቀቀን በአንድ ከሰዓት ዳር ዳሩን ከርክሞ፣ ስንደዶውን ከአክርማው ለይቶ፣ ወለሉን ቡና ሊፈላበት የተጎዘጎዘ አስመሰለው።

በቀቀኑን ያወረሱን አንድ አዛውንት ጎረቤታችን ናቸው። ወደ አረጋውያን መኖሪያ ሲገቡ ይዘውት መሄድ አልቻሉም። ግራጫ በቀቀን በደህና ከተያዘ 40 እና 50 ዓመት ሊኖር ስለሚችል፣ ከአሳዳጊው ተርፎ ሌላ ቤት መግባቱ ብርቅ አይደለም። ለማንም ተራ ሳይሰጥ ቀኑን ሙሉ እሱው ስለሚናገር ባለቤቴ «አፈ ጉባኤ» አለችው፤ ስሙ ጸደቀ።

መሶቡ መጀመሪያው ነበር። ቀጥሎ የረከቦቱ ጠርዝ ተፈለፈለ፤ የሪሞቱ ቁልፎች አንድ በአንድ ተነቀሉ፤ የበሩ መቃን አይጥ የከረመበት መሰለ። እኔም እንደ ቤቱ አስተዳዳሪ ሕግ አወጣሁ። ሕጉ አንድ ቃል ነበር፦ «ተው!»

በሁለተኛው ሳምንት አፈ ጉባኤ ሕጉን በቃሉ ያዘው። ወደ ረከቦቱ ይጠጋና፣ ግራ ቀኙን ቃኝቶ፣ በእኔው ድምፅ «ተው! ተው!» ይልና መቀርጠፉን ይጀምራል። የእኔ ቁጣ ለእሱ የሥራ ማሟሟቂያ ዜማ ሆኖለት ነበር።

አንዲት የሰፈራችን እናት መላ ሰጡኝ። «ሚጥሚጣ ነስንስበት የኔ ልጅ፤ አንዴ ካቃጠለው አይደግምም» አሉኝ። ነሰነስኩ። አፈ ጉባኤ ሚጥሚጣውን በምላሱ ላሰና ሌላ ካለ ብሎ አየኝ። ኋላ እንደተረዳሁት ወፎች የበርበሬ ማቃጠል እንደ እኛ አይሰማቸውም፤ እንዲያውም በዱር የበቀለውን ቃሪያ እየበሉ ዘሩን የሚበትኑት እነሱ ናቸው። እኔን የሚያቃጥለኝ እሱንም ያቃጥለዋል ብዬ ሳልጠይቅ ደምድሜ ነበር። ልጆቻችንን ስንቀጣ፣ ራሳችንን ስንወቅስ፣ ስንት ጊዜ ይሆን እንዲህ ያለ ሚጥሚጣ የነሰነስነው?

ስለ መሶቡ ለእናቴ ደውዬ ስነግራት ትቆጣለች ብዬ ነበር። ሳቀች።

«ቀኑን ሙሉ ምን ይሠራል?» አለችኝ።

«ምን ይሠራል እማዬ? ወፍ ነው እኮ!»

«እንግዲያውስ ልጄ፣ ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል። ያንተው ደግሞ መስፋቱን አልተማረም።»

ያን ቀን ጥያቄዬ ተለወጠ። «እንዴት ላስቁመው?» ስል የነበርኩት «ምን ሥራ ልስጠው?» ማለት ጀመርኩ። ውድ አንባብያን፣ የዛሬው ወጋችን ስለዚህች የጥያቄ ለውጥ ነው። አንድ ወፍ ያስተማረኝን ሁሉ በገዛ ራሴ ልማዶች ላይ ሞክሬዋለሁና።

መንቁሩ ምን ሊሠራ ተፈጠረ?

የበቀቀን መንቁር አጥንት የለበሰው ኬራቲን ነው፤ የእኛም ጥፍር የተሠራው ከዚሁ ነው። ዕድሜ ልኩን ያድጋል፤ በሥራ ካልተፋቀ ከልክ ያልፋል። ጫፉ ላይ የመዳሰሻ ነርቮች ስለተሰበሰቡ አንድን ነገር የሚያውቀው በመንቁሩ ነክቶ ነው፤ ሲወጣና ሲወርድ ደግሞ እንደ ሦስተኛ እግር ይቆናጠጥበታል። ግራጫው በቀቀን በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ ደን ውስጥ የዘንባባ ፍሬ ይፈለፍልበታል፤ ለጎጆው የመረጠውን የዛፍ ሽንቁር ያሰፋበታል። እንግዲህ ይህን ሁሉ መሣሪያ የተሸከመ ፍጡር ሳሎን አስገብተን፣ የተፈለፈለ እህል በሳህን አቅርበን፣ «አርፈህ ተቀመጥ» አልነው።

የሩቁን ትተን የቅርቡን እንይ። በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋ ብቻ የሚኖር ትንሽ አረንጓዴ በቀቀን አለ፤ ክንፉ ጥቁር፣ መንቁሩ ቀይ ነው፤ የወንዱ ግንባርም ቀይ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ዛፍ በበዛበት ግቢ ሁሉ ይታያል። እናቴ ግቢ ጥዱ ላይ ሲንጫጩ ይውላሉ፤ ፍሬ ይፈለፍላሉ፣ ቅርፊት ይቆረጥማሉ። እነሱን «አጥፊ» ያላቸው ሰው የለም። የአፈ ጉባኤ መንቁር ከእነሱ መንቁር የከፋ ጠባይ የለውም፤ የጎደለው ዛፉ ነው።

የእናቴን ተረት የሚያጸና ጥናትም አለ። ዴቪስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ሥራ፣ አማዞን ከሚባሉት በቀቀኖች ለገሚሶቹ ምግባቸውን ታግለው የሚያወጡበት፣ የሚቀረጥፉትና የሚንጠለጠሉበት ነገር ሰጧቸው፤ ለቀሩት አልሰጧቸውም። ሥራ ያጡት በቀቀኖች የገዛ ላባቸውን ይነጩ ጀመር። ኋላ ለእነሱም ሥራው ሲሰጣቸው ላባቸው ተሻሻለ። መነኩሴው ቆቡን ቀደደ፤ በቀቀኑ ላባውን ነጨ።

ኒውዚላንድ ደግሞ ኪያ የሚባል የተራራ በቀቀን አላት። የቆመ መኪና ካገኘ የመስታወት መጥረጊያውን ላስቲክ ይቦጭቃል። ወደ ሚልፎርድ ሳውንድ በሚወስደው መንገድ፣ ሆመር በሚባለው ዋሻ አጠገብ፣ ኪያዎች የመንገድ ሠራተኞችን የማስጠንቀቂያ ኮኖች እየጎተቱ ከቦታቸው ያነሡ ነበር። ሰዎቹ ወጥመድ አላጠመዱም። እ.ኤ.አ. በ2018 ከመንገዱ ፈንጠር ብሎ መሰላል፣ ዥዋዥዌና የሚሽከረከር መጫወቻ ያለበት የወፎች ጂም ሠሩላቸው። የሀገር መንገድ የሚጠብቁ ሰዎች «እነዚህ ወፎች ሥራ ይፈልጋሉ» ብለው ካሰቡ፣ እኛ ለአንድ ሳሎን እንዴት መላ እናጣለን?

ይህን ሁሉ ለቤተሰቡ ስተነትን ልጄ አቋረጠችኝ። «አባዬ፣ ያንተ መንቁር አውራ ጣትህ ነው» አለችኝ። አውራ ጣቴን አየሁት። ስልኬ ላይ ነበር። ማታ ማታ እንቅልፌን የሚቀረጥፈው እሱ ነው። ከዚያች ምሽት ጀምሮ የእኔና የአፈ ጉባኤ ትምህርት አንድ ክፍል ውስጥ ሆነ። አምስት ትምህርት ወሰድን።

1. መጀመሪያ ማየት፣ ኋላ መፍረድ

አንድ ሳምንት ሙሉ ሳልቆጣ በደብተር ያዝኩ፤ ምን ቀረጠፈ፣ መቼ፣ ከምን በኋላ። አንድ ጥፋት የመሰለኝ ነገር ሦስት የተለያየ ረሃብ ሆኖ ተገኘ። ረከቦቱን የሚቀረጥፈው ሁላችንም ቤት ገብተን ስልካችን ላይ ስናቀረቅር ነው፤ የሚፈልገው እኛን ነው። ከሶፋው ሥርና ከመሳቢያው ውስጥ ገብቶ እንጨቱን የሚፍቀው ጨለማ ጥግ ሲያገኝ ነው፤ ጎጆ የሚሠራ መስሎታል። ሪሞቱን የያዘው ደግሞ በጉጉት ብቻ ነው። እንቅልፍ ያጣ ዕለት ሁሉም ይብሳል፤ በቀቀን ጨለማና ጸጥታ ባለበት ከ10 እስከ 12 ሰዓት ያህል መተኛት አለበት። ጠባዩ በድንገት የተለወጠ ወፍ ግን ታሞ ሊሆን ይችላልና ከሁሉ በፊት የእንስሳት ሐኪም ይየው።

እናንተም ልማዳችሁን ከመውቀሳችሁ በፊት አንድ ሳምንት መዝግቡት። የእኔ አውራ ጣት የሚያብደው ቀን ሥራ ላይ የተናደድኩ ማታ ነበር። ይህን ያወቅሁት ከደብተሩ ነው።

2. ፈተናውን ከመንገድ ማንሳት

መሶቡ ቁምሳጥን ላይ ወጣ። ገመዶች ሁሉ ከግድግዳ ጋር ተሸፈኑ፤ የተሰካ ገመድ መቀርጠፍ ወፍ ይገድላልና። የሶፋው ሥር በካርቶን ተዘጋ። አፈ ጉባኤ ከሽቦ ጎጆው የሚወጣው ሰው ባለበት ሰዓት ብቻ ሆነ።

እዚህ ላይ በቀቀን ለምታሳድጉ ጠበቅ አድርጌ ልንገራችሁ። እርሳስና ዚንክ ያለበት ብረት፣ ያረጀ ቀለም የተቀባ እንጨት፣ አቮካዶና ቸኮሌት መርዝ ናቸው። የማይጣበቅ መጥበሻ ከልክ በላይ ሲግል የሚያወጣው ጭስ ወፍን በደቂቃዎች ውስጥ ሊገድል ይችላል። የወፍ ሳንባ ከእኛ ይልቅ ለጭስ ስስ ነው፤ ስለዚህ ቡና ስትቆሉና ዕጣን ስታጨሱ ጎጆውን ንጹሕ አየር ወዳለበት ሌላ ክፍል አዙሩት። ቡናው ይቅር አላልኩም፤ ወፉ ይቀየር ብቻ።

«የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ» ይባላል። እውነት ነው፤ ግን ጦጣዋ የምትሸመጥጠው እጇ የደረሰበትን ነው። እኔም የስልኬን ቻርጀር ከአልጋዬ አጠገብ ነቅዬ ኩሽና ሰካሁት። ቁርጠኝነቴ በአንድ ሌሊት አልጨመረም፤ ርቀቱ ግን ጨመረ።

3. የተሻለውን ማቅረብ

መጀመሪያ ገበያ ወጥቼ አንድ የሚያብረቀርቅ የፕላስቲክ መጫወቻ ገዛሁለት። ዞር ብሎም አላየው። ሰውም እንዲሁ ነው፤ «ስልኩን ተውና ግድግዳ እይ» ቢባል ማን ይሰማል? ምትክ የሚሠራው ከተከለከለው ነገር ሲጥም ብቻ ነው።

ስለዚህ መሶቡን ለምን እንደወደደው አሰብኩ። ቀጭን ነው፣ ይሰነጠቃል፣ ድምፅ አለው፣ ውጤቱ ወዲያው ይታያል። ያንኑ የሚሰጥ ነገር ፈለግሁ። ወፍ የማይጎዳ፣ ቀለምና መድኃኒት ያልነካው የእንጨት ቁራጭ፣ ሙጫ የሌለበት ካርቶን፣ ነጭ ወረቀት። የምሳውን ገሚስ በወረቀት ጠቅልዬ ካርቶን ውስጥ ደበቅሁለት፤ በሳህን ቢሆን በአሥር ደቂቃ የሚጨርሰውን ፍሬ አሁን ሲፈልግ ያረፍዳል። መጫወቻዎቹንም በየሳምንቱ አፈራርቃቸዋለሁ፤ የሰለቸው ነገር ከወር በኋላ ሲመለስ አዲስ ይሆንለታል። ፈትሉ የሚመዘዝ ገመድ ግን አልሰጠውም፤ ከዋጠው አንጀቱን ይዘጋበታል። እናቴ ደግሞ በሰው እጅ አንድ ጭብጥ ያልተቀለመ ስንደዶ ላከችለት። «መሶብ ከሚያፈርስ ከጥሬው ይጀምር» የሚል መልእክትም ነበረው።

አንድ ታክሲ የሚነዳ ወዳጄ መንገድ በተዘጋ ቁጥር ጥፍሩን እስኪደማ ይበላ ነበር። መራራ ቀለም ተቀባ፤ ጓንት አጠለቀ፤ አልሆነም። የአፈ ጉባኤን ታሪክ ሲሰማ ሳቀና፣ በማግሥቱ መኪናው ውስጥ መፋቂያ አስቀመጠ። አፉ ሥራ አገኘ፤ ጣቶቹ አረፉ፤ ጥርሱም ነጣ። የእኔ አውራ ጣት ደግሞ በርበሬ መልቀም ወደደ። ማታ ማታ ከባለቤቴ ጋር በርበሬ ስንቀነጥስ ወሬ ተጀመረ፤ ለካ ስልኩ ላይ ስፈልገው የኖርኩት እሱን ነበር።

4. ጩኸትን መቆጠብ፣ ምስጋናን ማብዛት

በቀቀን ድምፅ ይወዳል። ስትጮኹበት እንደ ተቀጣ አያስብም፤ «ተሳካልኝ፣ ሰው መጣ» ይላል። ስለዚህ ጥፋት ላይ ሳገኘው ዝም ማለትን ተማርኩ። ሳልቆጣ እጄን እዘረጋለሁ፣ ይወጣበታል፣ ወስጄ እንጨቱ ላይ አስቀምጠዋለሁ። የራሱን እንጨት ሲቀረጥፍ ሳየው ግን ስሙን ጠርቼ አመሰግነዋለሁ፣ አንድ የሱፍ ፍሬ እሰጠዋለሁ። መንቁሩን መምታት ወይም መያዝ ነውር ብቻ ሳይሆን ጉዳት ነው፤ እምነቱን ያጣ በቀቀን መንከስ ይጀምራል።

በዓለም የታወቀው ግራጫ በቀቀን አሌክስ ይባል ነበር። አይሪን ፔፐርበርግ የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1977 ቺካጎ ውስጥ ከአንድ የእንስሳት መሸጫ ገዛችው፤ በ2007 እስኪሞት ድረስ ከ100 በላይ ቃላት ለምዷል። ስታስተምረው ሽልማቱ የጠራው ነገር ራሱ ነበር። «ወረቀት» ካለ ወረቀቱ ይሰጠዋል፤ የፈለገውን ያደርገዋል፣ ይቀረጥፈዋል። እኛ እንደ ጥፋት የቆጠርነውን ፍላጎት እሷ የትምህርት ክፍያ አደረገችው።

እስቲ ቤታችሁን አስቡት። ልጁ ሲያጠፋ ስሙ በቀን ስንት ጊዜ ይጠራል? ጸጥ ብሎ ሲያነብስ? ለራሳችንስ? ስንሳሳት ረጅም ስብከት እናሰማለን፤ አንድ ቀን ስንበረታ ግን «ጎሽ» የሚለን የለም። ከዛሬ ጀምሮ ራሳችሁን ደህና ስትሠሩ ያዙት።

5. በወራት ማሰብ

በሦስተኛው ሳምንት አፈ ጉባኤ ተመልሶ የበሩን መቃን ያዘ። ተስፋ ልቆርጥ ነበር። ያን ጊዜ ያነሣኝ ዊልያም ዲልገር የተባለ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1962 የጻፈው ነው።

ዲልገር ሁለት ዓይነት ትንንሽ በቀቀኖችን አዳቀለ፤ እናቴ ግቢ ካሉት ጋር ወገን ናቸው። አንደኛው ዓይነት ለጎጆ የሚሆነውን ቅርፊትና ወረቀት ቀጭን ቀጭን አድርጎ ከቆረጠ በኋላ ከጅራቱ በላይ ካለው ላባ መሐል ሰክቶ ይበራል። ሁለተኛው በመንቁሩ ይዞ ይሄዳል። የተዳቀሉት ጫጩቶች ግራ ገባቸው። ሊሰኩ ይሞክራሉ፤ ይወድቅባቸዋል። በመንቁር መያዝ ብቻ እንደሚያዋጣ ለመልመድ ሦስት ዓመት ያህል ፈጀባቸው። ከዚያም በኋላ በመንቁራቸው ይዘው ሊበሩ ሲሉ አንገታቸውን ወደ ጅራታቸው ዞር ማድረጋቸው አልቀረም።

ይህችን ዞር ማለት ወድጃታለሁ። ዛሬም መኝታ ቤት ስገባ እጄ ባዶውን ኮሜዲኖ ይዳብሳል። ድሮ «ያው ነኝ፣ አልተለወጥኩም» እል ነበር። አሁን ግን እጄ ዞር ይበል፤ ስልኩ ኩሽና ነው፤ እኔም መብረሬን እቀጥላለሁ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ያሉት አያቶቻችን፣ እንቁላሉ መንገድ ላይ አይንገዳገድም አላሉም።

ዛሬ ማታ

ሰባት ወር ሆነን። አፈ ጉባኤ ዛሬም «ተው! ተው!» ይላል፤ የሚለው ግን ካርቶኑን እየከተከተ ነው። አልፎ አልፎ መቃኑን ይሞክራል። መሶቡ ቁምሳጥን ላይ ነው፤ እናቴ «ላኩልኝና ላድሰው» ብትልም ጠርዙን እንደ ተከረከመ ልተወው ወስኛለሁ። እንግዳ ሲጠይቀኝ ይህን ሁሉ እተርክለታለሁ።

እናንተስ? ዛሬ ማታ አንድ ወረቀት ውሰዱ። ከላይ ልትተዉት ያቃታችሁን አንድ ልማድ ጻፉ፤ አንድ ብቻ። ከሥሩ «ይህ ልማድ ምን ያበላኛል?» ብላችሁ ጠይቁና እውነቱን ጻፉ፤ ዕረፍት ይሁን፣ ሰው ይሁን፣ ጉጉት ይሁን። በመጨረሻ ያንኑ የሚያበላ የተሻለ ነገር ጻፉና ነገ ጠዋት እጃችሁ የሚደርስበት ቦታ አስቀምጡት። በቀቀን ያላችሁ ደግሞ ነገ ከገበያ ስትመለሱ ካርቶኑን አትጣሉት፤ አንድ ፍሬ ደብቁበትና ስጡት።

ሥራ ያገኘ መንቁር መሶብ አያፈርስም።